ብርዱ ሲገባ የአትክልተኞች ክበብ ምን ይሥራ? ከመጀመሪያው ውርጭ እስከ መጨረሻው

ብዙ የአትክልተኞች ክበቦች የመጨረሻው ቲማቲም ተለቅሞ መደቡ ባዶ ሲቀር ስብሰባቸውን ያቆማሉ። አባላቱም ሙቀቱ ሲመለስ ለመገናኘት ተቀጣጥረው ይለያያሉ። ይህ ልማድ ክበቡን ክፉኛ ይጎዳዋል። በሙቀቱ ወራት እያንዳንዱ አባል በራሱ ጓሮ ተጠምዶ ይውላል፤ አረሙ፣ ውኃው፣ ለቀማው ፋታ አይሰጥም። ዘር መፈተሽን፣ ዛፍ መከርከም መማርን፣ የውርጭን ጠባይ ማጥናትን የመሳሰሉ ብዙ ዓይንና ብዙ እጅ የሚፈልጉ ሥራዎች የሚመቻቸው በብርዱ ወራት ነው። የሚቀጥለው ዓመት ምርትም በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚህ ሥራዎች ነው።

መመሪያው የሌሊቱ ሙቀት ከዜሮ በታች ለሚወርድበት አካባቢ ሁሉ ያገለግላል፤ በረዶው ለወራት ለሚተኛበትም፣ ውርጭ በዓመት ጥቂት ሌሊት ብቻ ብቅ ለሚልበትም። የወራት ስም ያልጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው። ወራቱ ከአገር አገር ይለያያሉ፣ የሥራው ቅደም ተከተል ግን አንድ ነው።

አንደኛ፦ ሁለቱን ቀኖች እወቁ፣ የውርጭ ካርታም ሥሩ

የብርድ ወራት ሥራ ሁሉ የሚቆጠረው ከሁለት ቀኖች ተነሥቶ ነው፤ አንዱ የመጀመሪያው ውርጭ የሚጥልበት፣ ሌላው የመጨረሻው ውርጭ የሚጥልበት አማካይ ቀን። ሁለቱንም ከአካባቢያችሁ የአየር ትንበያ ተቋም ማግኘት ይቻላል። ነገር ግን የተቋሙ መለኪያ ያለው በአንድ ቦታ ነው፣ የአባላቱ ጓሮዎች ደግሞ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ስለሚከብድ እንደ ውኃ ቁልቁል ይወርድና በዝቅተኛ ቦታ ይጠራቀማል። ስለዚህ በአንድ ሠፈር ውስጥ የኮረብታው ወገብ ላይ ያለ ጓሮ ሳይነካ፣ ከሥሩ ረባዳው ላይ ያለው ሊቃጠል ይችላል።

ክበቡ የመጀመሪያ ሥራው አድርጎ ይህን ይመዝግብ። ፈቃደኛ የሆነ አባል ሁሉ የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር ጓሮው ውስጥ ይስቀል፣ ጠዋት ጠዋትም ቁጥሩን በጋራ መዝገብ ያስፍር። ቴርሞሜትሩ ከፀሐይ ተከልሎ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ቢል ጥሩ ነው። የሚቻል ከሆነ ሌላ አንድ ደግሞ መሬት አጠገብ ይቀመጥ። ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስም በሌለበት ሌሊት ምድር ሙቀቷን ወደ ሰማይ ስለምትለቅ፣ መሬት አጠገብ ያለው አየር ከላይኛው በጥቂት ዲግሪዎች ይቀዘቅዛል። ላይኛው ቴርሞሜትር 2 ዲግሪ እያሳየ ሰላጣው ላይ ውርጭ ተጋግሮ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ከአንድ የብርድ ወቅት ምዝገባ በኋላ በሠፈሩ ካርታ ላይ ቀድሞ የሚመታውንና ዘግይቶ የሚመታውን ጓሮ በቀለም ለዩ። ክበቡ ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ለዚህ ካርታ የምሰጠው ግምት የላቀ ነው። አዲስ አባል በገባ ቁጥር ከማንም መጽሐፍ የማያገኘውን መልስ ከዚህ ወረቀት ያገኛል።

ሁለተኛ፦ ከመጀመሪያው ውርጭ በፊት የሚተከለው

ነጭ ሽንኩርት የብርድ ወራት ንጉሥ ነው። ራሱን ወደ ፍልቃቂ ለመከፋፈል ብርድ ያስፈልገዋል፤ ብርድ ሳያገኝ ያደገ ነጭ ሽንኩርት ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ ክብ ሆኖ ይቀራል። አፈሩ በረዶ ሆኖ ከመጠንከሩ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት በፊት ትልልቆቹን ፍልቃቂዎች ብቻ ምረጡ። ሹል ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ 5 ሴንቲሜትር ያህል አፈር እንዲሸፍናቸው፣ በመካከላቸውም ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ክፍተት እንዲኖር ትከሉ። ብርዱ በጣም በሚበረታበት አካባቢ ደግሞ ጠለቅ ማድረግ ይሻላል። ከዚያ በቅጠል ወይም በገለባ ጉዝጓዝ ሸፍኑት። ትንንሾቹን ፍልቃቂዎች ለወጥ ቤት ተዉአቸው፣ ከትንሽ ፍልቃቂ ትልቅ ራስ አይወጣም።

ቱሊፕ፣ ናርሲስ፣ ክሮከስና ሃያሲንትም የሚተከሉት በዚሁ ጊዜ ነው። ኮረታቸው (ሽንኩርት መሰሉ ሥራቸው) በቁመቱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ጥልቀት መቀበር አለበት። ቱሊፕ ለማበብ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ብርድ ስለሚፈልግ ብርዱ አጭር በሆነበት አካባቢ ኮረቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆይቶ መትከል የተለመደ ነው። ያን ስታደርጉ ፖም ከጎኑ አታስቀምጡ፤ የበሰለ ፍሬ የሚያወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ በኮረቱ ውስጥ ያለውን የአበባ ፅንስ ይገድለዋል።

ብርድ ከሚችሉት አትክልቶች መካከል ስፒናች፣ ባሮ ሽንኩርትና ኬል የሚባለው ጎመን ግንባር ቀደም ናቸው። በደንብ ከተለማመዱ፣ እንደ ዝርያቸው፣ ከዜሮ በታች እስከ 10 ዲግሪ አካባቢ ይቋቋማሉ። ሰላጣ ቀላል ውርጭ ብቻ ነው የሚችለው። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዱባና ፎሶሊያ በመጀመሪያው ውርጭ ያልቃሉ፤ እነሱን ለማዳን ብዙ መድከም አያዋጣም፣ ያልቀላውን ቲማቲም ለቅሞ ቤት ማስገባት ይበቃል።

እዚህ ላይ «በደንብ ከተለማመዱ» ያልኩት ቁም ነገር አለው። ብርድ ቀስ በቀስ ሲመጣ ተክሉ በሴሎቹ ውስጥ ስኳር ያጠራቅማል፣ ስኳሩም ውኃው በቀላሉ በረዶ እንዳይሆን ያደርገዋል። ካሮትና ኬል ውርጭ ካረፈባቸው በኋላ የሚጣፍጡት በዚሁ ምክንያት ነው። በሞቃት ወቅት መጨረሻ ብዙ ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ የጠጣ ተክል ግን ለምለም፣ ውኃ የበዛበት ቅጠል ይዞ ብርዱ ስለሚደርስበት ከሁሉ ቀድሞ ይጎዳል። ስለዚህ የብርዱ ወራት ከመግባታቸው ስድስት ሳምንት ገደማ በፊት እንዲህ ያለ ማዳበሪያ ማቆም ይገባል።

ሦስተኛ፦ የብርሃኑን ነገር አትርሱ

አዳዲስ አባላት ሁሉን ነገር በብርዱ ያሳብባሉ። በብርድ ወራት እድገትን ይበልጥ የሚገታው ግን የብርሃን እጥረት ነው። የቀኑ ርዝመት ከ10 ሰዓት በታች ሲወርድ አብዛኛው አትክልት ሞቅ ባለ ሽፋን ሥር ቢሆን እንኳ እድገቱን ሊያቆም ምንም አይቀረውም። ከዚያ በኋላ መደቡ እንደ ጓዳ ነው የሚያገለግለው፤ ያደገውን ትኩስ አድርጎ ያቆይላችኋል፣ አዲስ ግን አያሳድግም።

ስለዚህ ስሌቱ እንዲህ ነው። በአካባቢያችሁ ቀኑ ከ10 ሰዓት በታች የሚሆንበትን ቀን ከፀሐይ መውጫና መግቢያ ሰንጠረዥ አውጡ። አትክልቱ እዚያ ቀን ሲደርስ የእድገቱን ሦስት አራተኛ እንዲጨርስ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። በዘር ፓኬቱ ላይ «በ60 ቀን ይደርሳል» ቢል፣ ቀኑ እያጠረ ስለሚሄድ ሁለት ሳምንት ጨምሩበት። ይህን ስሌት አንድ አባል ለሁሉም ሠርቶ በአንድ ወረቀት ቢያከፋፍል የብዙ ሰው ድካም ይቀንሳል።

አራተኛ፦ ሽፋንና ውኃ

ቀላሉ ሽፋን ስስ ነጭ የአትክልት ጨርቅ ነው፤ ብርሃንና ውኃ ያሳልፋል፣ እንደ ውፍረቱም ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ያህል ከብርድ ይከላከላል። ቅጠሉ ላይ ከማረፍ ይልቅ በቅስት ሽቦ ላይ ቢዘረጋ ይመረጣል፤ ጨርቁ የነካው ቅጠል በውርጭ ይጎዳልና። ጠርዙንም በድንጋይ ወይም በአፈር አጥብቃችሁ ያዙት፣ ነፋስ ከገባበት ሽፋንነቱ ይቀራል።

ክበቡ በአንድ ቅዳሜ ተሰብስቦ ሊሠራው የሚችል፣ ለዓመታትም የሚያገለግል ነገር ደግሞ የመስታወት ክዳን ያለው የችግኝ ሣጥን ነው። ከአሮጌ መስኮት ጀምሩ። መጠኑን የሚወስነው መስኮቱ ስለሆነ ሣጥኑን ከእሱ ጋር አስተካክላችሁ ሥሩ። የኋላው ግድግዳ 45፣ የፊተኛው 30 ሴንቲሜትር ቢሆን ክዳኑ ተዳፋት ይሆናል፤ ዝናብ ይወርድበታል፣ ዝቅ ያለችውም የብርድ ወራት ፀሐይ በቀጥታ ትገባለች። ፊቱን በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ወደ ደቡብ፣ በደቡባዊው ወደ ሰሜን አዙሩ። አሮጌ መስኮት ስትጠቀሙ ቀለሙን ልብ በሉ፤ የቆየ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል እየተላጠ ያለውን ለምግብ በሚሆን አትክልት ላይ አታስቀምጡት።

በዚህ ሣጥን ውስጥ ተክል የሚሞተው ከብርድ ይልቅ በሙቀት ነው። ፀሐይ በወጣበት ቀን ውጪው ቀዝቃዛ ቢሆንም የሣጥኑ ውስጥ በአንድ ሰዓት ጊዜ በጣም ይሞቃል። የውጪው ሙቀት ከ5 ዲግሪ አልፎ ፀሐይ ካለ ክዳኑን በእንጨት ደግፋችሁ ትንሽ ክፈቱት፣ 10 ዲግሪ ሲደርስ በሰፊው ክፈቱት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም ዝጉት። አባላት በሥራ ቀን ቤት ካልዋሉ ተረኛ ይመድቡ።

ውኃን በተመለከተ፣ ቅጠላቸውን የማያረግፉ ቁጥቋጦዎች በብርድ ወራት ቡናማ ሆነው ሲደርቁ ሰው ብርድ ገደላቸው ይላል። ብዙውን ጊዜ የገደላቸው ጥማት ነው። ፀሐይና ነፋስ ከቅጠሉ ውኃ ይወስዳሉ፣ አፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ ደግሞ በረዶ ስለሆነ ሥሩ መተካት አይችልም። አፈሩ በረዶ ከመሆኑ በፊት በደንብ አጠጡአቸው። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ሙቀት ይይዛል፣ ስለዚህ ውርጭ ሊጥል ሲል አትክልቱን ማጠጣትም ይጠቅማል። በማሰሮ ያሉ ተክሎችን ከግድግዳ አጠገብ አንድ ላይ አስጠግታችሁ በጆንያ ጠቅልሏቸው። ሥር ከግንድ ያነሰ ብርድ ነው የሚችለው፣ ማሰሮው ደግሞ ከየጎኑ ይቀዘቅዛል።

በረዶ በወደቀ ጊዜ መደቡ ላይ ያለውን አትንኩት፣ ከብርድ ልብስ የተሻለ መከላከያ ነው። ቅርንጫፍ ያጎበጠውን ግን በመጥረጊያ ከሥር ወደ ላይ እያነሳችሁ በቀስታ አራግፉት። ጠንክሮ የተጣበቀ በረዶ ከሆነ ራሱ እስኪቀልጥ ተዉት፣ ስትታገሉት ቅርንጫፉ ይሰበራል። እርጥብ አፈር ላይም አትመላለሱ። አንድ እፍኝ ጨብጣችሁ ስትጫኑት ካልተፈረፈረና እንደ ጭቃ ከቀረ አፈሩ ለሥራ አልደረሰም፤ የተረገጠ እርጥብ አፈር ይጠቀጠቃል፣ አየር ያጣል፣ ለመመለስም ዓመታት ይፈጃል።

አምስተኛ፦ በብርዱ እምብርት፣ የቤት ውስጥ ስብሰባዎች

ውጪ ምንም መሥራት በማይቻልበት ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ስብሰባ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ስብሰባ አንድ በእጅ የሚሠራ ሥራ መድቡ። ንግግር ብቻ የሆነ ስብሰባ ሁለተኛው ላይ ሰው ይቀንሳል፣ እጁን የሚያሠራ ነገር ያገኘ አባል ግን በበረዶም ይመጣል።

የመጀመሪያው የዘር ፍተሻ ይሁን። እያንዳንዱ ሰው የተረፈውን ዘር ሁሉ ይዞ ይምጣ። ከእያንዳንዱ ዓይነት 10 ፍሬ ቁጠሩ፣ ዘሩ ብዙ ከሆነ 20 ቢሆን ውጤቱ ይበልጥ ይታመናል። የወጥ ቤት ወረቀት አርጥቡና ጨምቁት፤ ስትይዙት እርጥብ ይሁን እንጂ አይንጠብጠብ። ዘሩን በመስመር ደርድሩ፣ እርስ በርሱ እንዳይነካካ። ወረቀቱን ጠቅልላችሁ በፕላስቲክ ከረጢት አስገቡ፣ ላዩ ላይ የዘሩን ዓይነት፣ የታሸገበትን ዓመትና የዛሬውን ቀን በእርሳስ ጻፉ፤ ቀለም በእርጥበት ይጠፋል። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ክፍል አስቀምጡት። ሰላጣና ስፒናች ግን ቀዝቀዝ ያለ ይመርጣሉ፤ ሰላጣ በሙቀት ጨርሶ ለመብቀል እምቢ ይላል። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ እየገለጣችሁ እዩ፣ በአሥረኛው ቀን ቁጠሩ። ፓርስሊንና ሴለሪን እስከ ሦስት ሳምንት ታገሡ።

ከ10 ውስጥ ስምንትና ከዚያ በላይ ከበቀለ እንደ ወትሮው ዝሩት። ከአምስት እስከ ሰባት ከሆነ አብዝታችሁ ዝሩት። ከዚያ በታች ከሆነ አዲስ ዘር ግዙ፣ የበቀለው ራሱ አቅመ ቢስ ነው። ለግምት ያህል፦ የሽንኩርትና የባሮ ሽንኩርት ዘር ከሁለት ዓመት በላይ አይታመንም፣ ባቄላ፣ አተርና ካሮት ሦስት ዓመት ያህል ይቆያሉ፣ ጎመንና ቲማቲም አራት፣ ዱባና ኪያር አምስት ዓመት ሊደርሱ ይችላሉ። ይህ ሁሉ ዘሩ በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ነው። የዘር ማከማቻ ሙቀት በ5 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር፣ ወይም በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል የሚል የቆየ መመሪያ አለ። መስኮት ላይ የተቀመጠ የዘር ካርቶንና በታሸገ ብርጭቆ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ ዘር ልዩነታቸው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ፍተሻውን ያለፈው ዘር ለሚቀጥለው ስብሰባ፣ ለዘር ልውውጡ ይሁን። አንድ ደንብ ብቻ አጥብቁ፦ ስሙ፣ ዝርያው፣ የተሰበሰበበት ዓመት ያልተጻፈበት ዘር ጠረጴዛው ላይ አይወጣም። አባላት ራሳቸው የሰበሰቡትን ዘር ሲያመጡ የቲማቲም፣ የሰላጣ፣ የአተርና የፎሶሊያ ዘር በአብዛኛው ይታመናል፣ ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ ናቸውና። ዱባን ግን ተጠንቀቁ። ንብ ከጎረቤት ጓሮ የአበባ ዱቄት ይዛ ስለምትመጣ ከዘሩ የሚወጣው ፍሬ እናቱን ላይመስል ይችላል። ድቅል ዝርያዎችም (በፓኬታቸው ላይ ኤፍ1 የተጻፈባቸው) ከዘራቸው እንደገና ራሳቸውን አይሰጡም።

ሌላው ስብሰባ የመሣሪያ ይሁን። ዶማውና አካፋው በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ፣ መቀሱ ተፈቶ ይታጠብ፣ ስለቱ ባለበት ዘንበል ልክ በሞረድ በአንድ አቅጣጫ ይሳል፣ ብረቱ ዘይት ይቀባ። ለእጀታው የተልባ ዘይት ጥሩ ነው፣ ግን ጨርቁን ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ ተጠቅልሎ የተጣለ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጪ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ዝፈቁት።

የአፈር ምርመራም በዚህ ወቅት ቢላክ ጊዜ ይገኛል፤ አፈሩ በረዶ ባልሆነበት ቀን ከአንድ መደብ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት እየቆነጠራችሁ ቀላቅላችሁ አንድ ናሙና አውጡ። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ኖራ ካስፈለገው፣ ኖራው ለመሥራት ወራት ይፈጅበታልና አሁን መጨመሩ ይጠቅማል።

ስድስተኛ፦ የመከርከም ትምህርት

ከመጽሐፍ ለመማር ከሚያዳግቱ ሥራዎች አንዱ ዛፍ መከርከም ነው። ዛፉ ፊት ቆሞ፣ የሚያውቅ ሰው አጠገብ ሆኖ መማር ይገባል። ቅጠሉ ረግፎ የዛፉ አጥንት ሲታይ፣ ብርዱ ሊለቅ ሲቃረብና እንቡጡ ሳያብጥ፣ ለፖምና ለፒር ትክክለኛው ጊዜ ነው። ኃይለኛ ብርድ ባለበት ቀን አትቁረጡ።

ጊዜውን ለሁሉም ዛፍ አንድ አታድርጉት። ፕለምና ቼሪ በእርጥብ ብርድ ወቅት ሲቆረጡ በቁስላቸው የፈንገስና የባክቴሪያ በሽታ ይገባቸዋል፤ እነሱን ደረቁ ሞቃት ወቅት ላይ ከርክሟቸው። ወይን በተቃራኒው ሳይዘገይ በብርዱ መካከል ይቆረጥ፣ ሙቀቱ ሲጀምር ከተቆረጠ ቁስሉ ውኃ ያንጠባጥባል። እንደ ሊላክና ፎርሲቲያ ያሉ ብርዱ እንዳለፈ የሚያብቡ ቁጥቋጦዎችን አሁን አትንኳቸው፤ እንቡጣቸው ቀድሞ ተቋጥሯል፣ የምትቆርጡት አበባውን ነው። እነሱ አብበው ሲጨርሱ ይከረከማሉ።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ቀርባችሁ ተመልከቱ፤ ቆዳው ትንሽ አበጥ ብሎ እንደ ቀለበት የተሸበሸበ ቦታ ታያላችሁ። ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋበት ህዋስ ያለው እዚያ ነው። መቁረጫው ከቀለበቱ ልክ ውጪ ይረፍ። ቀለበቱን ቆርጣችሁ ከግንዱ ጋር እኩል ካደረጋችሁት ቁስሉ ይሰፋል፤ ጉቶ ካስቀራችሁ ደግሞ ጉቶው በስብሶ በሽታ ወደ ውስጥ ያስገባል። ከባድ ቅርንጫፍ ከሆነ በሦስት ቆርጦ ነው የሚወርደው፦ መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ከሥሩ እስከ ሲሦው ቁረጡ፣ ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጪ ከላይ ቁረጡ፣ ቅርንጫፉ ቆዳ ሳይልጥ ይወድቃል። በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ ቀለበቱ አጠገብ አንሱት። ቁስሉን ቀለም አትቀቡት፣ ሳይቀባ በተሻለ ሁኔታ ይድናል።

ምን እንደሚቆረጥ ለመወሰን በቅድሚያ የደረቀው፣ ቀጥሎ የታመመው፣ ከዚያ እርስ በርሱ የሚፋተገው፣ በመጨረሻም ወደ ዛፉ መካከል የሚያድገው ይነሣ። በአንድ ዓመት ከሕያው አካሉ ሩቡን አትለፉ፤ ከዚያ በላይ የተቆረጠ ዛፍ ፍሬ በማፍራት ፈንታ ቀጥ ቀጥ ያለ ቀንበጥ በብዛት ያወጣል። ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትሄዱ መቀሱን 70 በመቶ አልኮል ባለበት ጨርቅ ጥረጉ።

ትምህርቱን ስታዘጋጁ በአንድ ዛፍ ከአምስት ሰው በላይ አይሁን። እያንዳንዱ ሰው በተራው አንድ ቅርንጫፍ ያሳይና «ይህን የምቆርጠው በዚህ ምክንያት ነው» ይበል፣ ሌሎቹ ይስማሙ ወይም ይሟገቱ፣ ከዚያ ይቆረጥ። ምክንያቱን ተናግሮ የቆረጠ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ብቻውን ይችላል።

የተቆረጠውን ሁሉ አትጣሉ። ከወይን፣ ከበለስ፣ ከኩራንትና ከጽጌረዳ የአንድ ዓመት ጤናማ ቅርንጫፍ፣ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ታችኛውን ጫፍ ከአንጓ ሥር ቀጥ አድርጋችሁ፣ ላይኛውን ከእንቡጥ በላይ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ እንዳይምታታ። ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ቅበሩና ለአንድ ዓመት አታነቃንቁት። ከአንድ ቀን ክርከማ ለክበቡ ሁሉ የሚዳረስ ችግኝ ይወጣል።

ሰባተኛ፦ ብርድ የሚፈልጉ ዘሮችና የቤት ውስጥ አበቦች

አንዳንድ ዘር ብርድ ሳያልፍበት አይበቅልም። ላቬንደር፣ ፕሪሙላና አስክሊፒያስ ብርድ ካገኙ በተሻለ ሁኔታ ይበቅላሉ። ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ዕቃ ወገቡ ላይ ቁረጡ፣ ከሥሩ ቀዳዳ አብጁ፣ 7 ሴንቲሜትር ያህል እርጥብ የችግኝ አፈር ጨምሩ፣ ዘሩን ዝሩ፣ የላይኛውን ግማሽ መልሳችሁ ግጠሙት፣ የአፉን ክዳን ግን አውልቃችሁ ውጪ አስቀምጡት። በረዶም ዝናብም ይውረድበት። ዘሩ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይበቅላል፣ ችግኙም ለብርድ የተለማመደ ሆኖ ይወጣል። ክበቡ በአንድ ከሰዓት በኋላ ለዓመቱ የሚበቃውን ያዘጋጃል።

ለቤት ውስጥ ሂፒያስትረም (በገበያ አማሪሊስ የሚባለው) ጥሩ ነው፤ የኮረቱ ሲሶ ከአፈር በላይ ይሁን፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ያብባል፣ ብርድም አይፈልግም።

ሌላ አንድ ቀን ደግሞ ለጉብኝት መድቡ። ብርዱ መሐል የሚያብቡትን ሐማሜሊስ፣ ሄሌቦረስና ጋላንቱስ ፍለጋ ውጡ። ሐማሜሊስ ብርዱ ሲበረታ ቀጫጭን አበባውን ይጠቀልላል፣ ሞቅ ሲል ይዘረጋል። ሄሌቦረስ በውርጭ ጠዋት መሬት ላይ ተኝቶ የሞተ ይመስላል፣ ረፋዱ ላይ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው በውርጭ የወደቀ ተክል ሁሉ እንዳለቀለት አይቆጥርም። በዚያው ቀን የደረቁ ግንዶችን ልብ በሉ፤ ውስጠ ክፍት የሆኑትን ብቸኛ ንቦች ያርፉባቸዋልና ብርዱ እስኪያልፍ አትቁረጧቸው።

ስምንተኛ፦ ብርዱ ሊለቅ ሲል

አሁን ከመጨረሻው ውርጭ ቀን ወደ ኋላ እንቆጥራለን። ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርት ከ10 እስከ 12 ሳምንት ቀድመው ቤት ውስጥ ይዘሩ፤ ቃሪያ ከ8 እስከ 10፣ ቲማቲም ከ6 እስከ 8፣ ጎመንና ሰላጣ ከ4 እስከ 6፣ ኪያርና ዱባ ከ3 እስከ 4 ሳምንት። ሰው ሁሉ መቸኮሉ አይቀርም፣ አሥር ሳምንት በመስኮት ላይ የቆየ ቲማቲም ግን ቀጥኖና ረዝሞ፣ ከስድስት ሳምንቱ ያነሰ ተክል ይሆናል።

የመስኮት ብርሃን አይበቃም። መብራት ከችግኙ በላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ሆኖ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይብራ፤ ክበቡ በአንድ ክፍል የጋራ መደርደሪያ ቢኖረው ለሁሉም ይበቃል። ችግኝ ከአፈሩ ላይ እየቀጠነ ከወደቀ የፈንገስ በሽታ ነው፤ ማሰሮውን በንጹሕ እጠቡ፣ ውኃውን ቀንሱ፣ አነስተኛ ማራገቢያ አብሩ።

ወደ ውጪ ማውጣት ቢያንስ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። በመጀመሪያው ቀን ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በማይነካው ቦታ ለአንድ ሁለት ሰዓት ብቻ አውጡና መልሱ። በየቀኑ ሰዓቱንም ፀሐዩንም ጨምሩ፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ሌሊቱን ውጪ ያሳልፉ። ውርጭ የሚጠበቅ ከሆነ በስስ ጨርቁ ሸፍኑ። በመትከያው ቀን የውርጭ ካርታውን አውጡና ቀድመው ከሚሞቁት ጓሮዎች ጀምሩ፤ ረባዳው ላይ ያሉት አባላት አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይቆዩ፣ ችግኛቸውንም እስከዚያ በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ ያኑሩ።